ግብር መክፈል ብቻ አይበቃም፤ መዝገቡንም እንወቅ



እንደሚታወቀው አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ከገባ በኋላ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ወረፋ ይጀመራል። ተራው የደረሰው ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተባለውን ይከፍላል፤ ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ነው። ግዴታውን በመወጣቱ ሊመሰገን ይገባል። ይሁንና ስንቶቻችን ነን ያ ሒሳብ ከየት መጣ ብለን የጠየቅነው? በስማችን የተከፈተውን ማህደር አስወጥተን በዓይናችን ያየነውስ ስንቶቻችን ነን?

በእድራችን እንዲህ አናደርግም። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «የእገሌ የሰኔ ወር አልተከፈለም» ቢል፣ የከፈለው ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ብድግ ብሎ «ኧረ ከፍያለሁ፣ ደብተሬን እዩት!» ይላል። መዝገቡና ደብተሩ ይመሳከራሉ፤ ስህተት ካለ እዚያው ይታረማል። ለእድር መዋጮ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ለለፋንበት ቤትና ግቢ መዝገብ ግን «የመንግሥት ሥራ ነው፣ ምን አገባኝ» ብለን እንተወዋለን። ይህ አስተሳሰብ ሊታረም ይገባዋል።

ወደ ማኅበራችን ከመጡት አቤቱታዎች ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ። አንዲት እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ግብሩን በየዓመቱ ሲከፍሉ ኖረው፣ ስም ለማዛወር ሲሄዱ የብዙ ዓመት ውዝፍ አለብዎት ተባሉ። ነገሩ ሲጣራ የከፈሉት ገንዘብ በስም ተመሳሳይነት በሌላ ሰው ማህደር ላይ ሲመዘገብ ኖሯል። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ግቢያቸው 180 ካሬ ሜትር ሆኖ ሳለ በመዝገቡ 280 ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። አንድ ወጣት የአባቱን ቤት ሊያወርስ ሲሄድ የተጠየቀውን የቆየ ደረሰኝ አንድም ማግኘት አልቻለም፤ ደረሰኞቹ ከፍራሽ ሥር ሆነው ምስጥ በልቷቸዋል። ሦስቱም ግብራቸውን የከፈሉ ሰዎች ናቸው። ሦስቱንም ያስቸገራቸው መዝገቡን በጊዜው አለማየታቸው ነው።

ለመሆኑ መዝገቡ እንዴት ይሳሳታል? አንዱ ምክንያት የጽ/ቤቶች መለዋወጥ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በድሮ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት የነበራቸው ትንንሽ ከተሞች ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞችና ወረዳዎች ከየዞናቸው ወጥተው በአንድ ልዩ ዞን ሥር ተደራጁ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማን ሲያቋቁም ሦስቱም ከተሞች ከሌሎቹ ጋር ወደ ሸገር ገቡ። ሸገር 12 ክፍለ ከተሞች አሉት። በዚሁ አደረጃጀት የድሮ ከተሞች ሰፈሮች ተከፋፍለው እንደ ገፈርሳ ጉጄ፣ መልካ ኖኖና ፉሪ ያሉ አዳዲስ የክፍለ ከተማ ስሞች መጥተዋል። እንግዲህ ጽ/ቤት በተለወጠ ቁጥር ማህደር ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ፣ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል። በሚገለበጥበት ጊዜ 1 የነበረው 2 ሊሆን፣ የአባት ስም ሊዘለል፣ አንድ ቅጠል ሊወድቅ ይችላል። ይህን ስንል ሠራተኞቹን ለመውቀስ አይደለም። እልፍ ማህደር የሚገለብጥ ሰው አንዱን መሳቱ አይቀርም፤ ስህተቱን ለይቶ ሊያውቀው የሚችለው ግን ባለቤቱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በተለምዶ «ግብር» እያልን በአንድ የምንጠራው ክፍያ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቦታ ኪራይ ሲሆን ሽማግሌዎቻችን «የአፈር ግብር» ይሉታል። ሁለተኛው የቤት ግብር ነው፤ ሕዝቡ «ጣሪያና ግድግዳ» ብሎ የሚጠራው። የሁለቱም መነሻ የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ይህ አዋጅ የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከታወጀ በኋላ ነው። ቦታው የመንግሥት ስለሆነ ባለይዞታው ኪራይ ይከፍላል፤ ቤቱ የራሱ ስለሆነ ግብር ይገብርበታል። በዚያው በ47/1967 አዋጅ አንድ ሰው ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀድለት ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ከወላጆቻችሁ የወረሳችሁት የቆየ ማህደር 500 ካሬ ብሎ አጥሩ ውስጥ ግን ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ካለ፣ ነገሩ ከዚህ የመጣ መሆን አለመሆኑን ጠይቃችሁ ተረዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር እናንሣ። ቁጥራቸው 80 የሆኑ ሁለት አዋጆች አሉ። አዋጅ 80/1968 ከላይ የጠቀስነው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ነው። አዋጅ 80/1986 ደግሞ የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣ የመጀመሪያው አዋጅ ነው፤ ከሱ በኋላ የሊዝ ሕጉ ተለዋውጦ በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 ወጥቷል። በመሥሪያ ቤት «በአዋጅ 80 መሠረት» ከተባላችሁ ዓመተ ምሕረቱን ጠይቁ። ነባር ይዞታና የሊዝ ይዞታ አከፋፈላቸው የተለያየ ነውና የእናንተ ማህደር በየትኛው እንደተመዘገበ ማወቅ አለባችሁ።

የቦታ ኪራይ የሚሰላው የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር ለቦታው ደረጃ በወጣው ተመን ተባዝቶ ነው። አስፋልት ዳርና ውስጥ ለውስጥ ያለ ቦታ ደረጃው አንድ አይደለም፤ መኖሪያና ንግድም ተመናቸው ይለያያል። የቤት ግብሩ ደግሞ በ80/1968 አዋጅ የተመሠረተው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በተገመተው የኪራይ ዋጋ ላይ ነው። ቤቱን ባናከራየውም፣ ራሳችን ብንኖርበትም ግምቱ ይወጣለታል። ግብሩ በአዋጁ ከመቶ 1 ጀምሮ ግምቱ እየጨመረ ሲሄድ እስከ ከመቶ 4.5 ይደርስ ነበር። እንግዲህ ከሰዎቹ አንዱ «የኔ ለምን ከጎረቤቴ በለጠ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ይገኛል፤ በስፋቱ፣ በደረጃው፣ በአገልግሎቱ ወይም በግምቱ።

አሁን ያንን 180 ካሬ ሆኖ 280 የተጻፈውን ግቢ እንመልከት። ትርፉ 100 ካሬ ሜትር ነው። ለሒሳብ እንዲመች ተመኑ በካሬ 1 ብር ቢሆን ባለቤቱ በዓመት 100 ብር በከንቱ ይከፍላሉ፤ ያን ያህል አይጎረብጣቸውም፤ ዝም ይላሉ። ተመኑ 10 ብር ሲገባ ግን ያው ስህተት በዓመት 1,000 ብር፣ በ10 ዓመት 10,000 ብር ይሆናል። ተመን ሲያድግ ስህተትም አብሮ ያድጋል። ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ግምቷን ከፍ ስታደርግ ጎረቤት ሆነን ያየነው ነው። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ይህ አዋጅ ክልሎችና ከተሞች የየራሳቸውን ሕግ እያወጡ የሚሠሩበት ሲሆን፣ የሚያየው የቦታውንና የቤቱን የንብረት ዋጋ ነው። ዋጋ ሲተመን ገማቹ መጀመሪያ የሚገልጠው ያለውን መዝገብ ነው። መዝገቡ ጠማማ ከሆነ ግምቱም ጠማማ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

«የኔስ ከእውነተኛው አንሶ ነው የተጻፈው፣ ይሻለኛል» የሚል አባል አይጠፋም። እንዲህ ያለ ደስታ አያዛልቅም። በመዝገብ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ተብሎ በግቢው ግን አራት ክፍል ብሎኬት ቆሞ ከተገኘ፣ ቤቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ፣ ለወራሽ ሲተላለፍ ወይም በባንክ ዋስትና ሲያዝ «ይህ ከየት መጣ? ፈቃዱስ የታለ?» መባሉ አይቀርም። ለካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሣ የሚከፍለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ግንባታ ተብለው ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ያየን ሰዎች ነን። የዚያን ጊዜ ሰነድ ፍለጋ የሮጠ ሁሉ ምን ያህል እንደተንገላታ ማስታወስ ይበቃል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ትልቅ ነገር አለ። የግብር ደረሰኝ ካርታ አይደለም! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 ላይ በአንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ያለ ሰው በተከታታይ 15 ዓመት ግብሩን ከከፈለ ባለሀብት ይሆናል ይል ነበር። አንዳንድ አዛውንቶች ይህን ይዘው «15 ዓመት ገብሬያለሁ፣ መሬቱ የኔ ነው» ይላሉ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመሬት ነገር ተለውጧል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሏል። ስለዚህ በመክፈል ብዛት መሬት የግል አይሆንም። የይዞታ ማስረጃው ካርታው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የይዞታ ማረጋገጥና የካዳስተር ምዝገባ በተካሄደበት ቦታ ደግሞ ወሰኑ ተለክቶ፣ ቁራሽ መሬቱ የራሱ መለያ ኮድ ተሰጥቶት በመዝገብ የገባው ነው።

በተለይ ከገበሬ ገዝተናል የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ይህን በጥሞና ይስሙን። በገበሬው ስም የሚገበር ግብር ደረሰኙም በገበሬው ስም ነው የሚወጣው። ገንዘቡን እናንተ ብትሰጡም መዝገቡ የሚያውቀው እሱን ነው። ደላላ «ደረሰኝ አለው፣ ሕጋዊ ነው» ቢላችሁ አትመኑ። ቦታው በገጠር መሬት መዝገብ ነው ያለው ወይስ በከተማ? ካርታ አለው ወይስ ሰነድ አልባ ነው? ይህን ከመሬት ጽ/ቤት ሳታጣሩ አንድ ሳንቲም አትክፈሉ።

«ታዲያ ደረሰኝ ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። በጣም ይጠቅማል። ግዴታችሁን መወጣታችሁን ያስረዳል፤ ውዝፍ አለባችሁ ስትባሉ መከራከሪያ ነው፤ ቤቱ ከመቼ ጀምሮ በማን ስም ሲገበርበት እንደቆየ ያሳያል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና ለልጆቻችን የምናወርሰው አንዱ ሀብት ይህ ወረቀት ነው።

ስለሆነም እያንዳንዱ አባል ማህደሩን ሲያይ የሚከተሉትን 7 ነጥቦች እንዲያመሳክር ማኅበራችን ያሳስባል፦

1ኛ/ ስም እስከ አያት። በመታወቂያ፣ በካርታና በግብር መዝገብ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነው? ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ቤት ከሆነ የሁለቱም ስም አለ?

2ኛ/ የቤት ቁጥርና አድራሻ። ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ክፍለ ከተማው ከአዲሱ አደረጃጀት ጋር ተስተካክሏል?

3ኛ/ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር። ከካርታው ጋር ይስማማል?

4ኛ/ የይዞታው ዓይነት፤ ነባር ነው ወይስ ሊዝ?

5ኛ/ አገልግሎቱ፤ መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ? ሱቁን የዘጋ ሰው አሁንም በንግድ ተመን እየከፈለ ይሆናል።

6ኛ/ የቤቱ ዓይነትና የክፍሉ ብዛት፤ ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት፣ ስንት ክፍል?

7ኛ/ የተከፈለባቸው ዓመታት። የዘለለ ዓመት አለ? ውዝፍና መቀጫ ተብሎ የተጻፈስ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው?

ሌላው ችግር የቋንቋ ነው። የክልላችን የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ማህደሩም ደረሰኙም በኦሮምኛ ይጻፋል። ማንበብ የማንችል ሰዎች ወረቀቱን አጥፈን ማስቀመጥ የለብንም። ጥቂት ቃላት ብናውቅ ብዙ ይረዳናል፦ መቃ ማለት ስም፣ ለፋ መሬት፣ መና ቤት፣ ቀቢዬ ይዞታ፣ በልኢና ስፋት፣ ለኮፍሳ ቁጥር፣ በራ ዓመት፣ ግቢራ ግብር፣ ኪራ ኪራይ፣ ከፈልቲ ክፍያ፣ አደቢ ቅጣት፣ ነገሄ ደረሰኝ ነው። ለኮፍሳ መና ካለ የቤት ቁጥር ነው። አደቢ በሚለው ፊት ለፊት ገንዘብ ተጽፎ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ልጆቻችን ናቸው፤ በትምህርት ቤት የተማሩትን ቋንቋ ለወላጆቻቸው ጥቅም ቢያውሉት ምን ችግር አለው? ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤትም ቡና እየጠጣ ያነብላችኋል።

ወደ ጽ/ቤት የሚሄድ ሰው መታወቂያውን፣ የካርታውን ቅጂና ያለፉትን ደረሰኞች ይያዝ። ራሱ መሄድ ያልቻለ ሕጋዊ ውክልና ይስጥ። ዋናውን ካርታ ለጉዳይ አስፈጻሚም ሆነ ለደላላ ከቶ አትስጡ። ከዳንኤው ጋር አትጣሉ፤ ሠራተኛውም እንደኛው ወረፋ ያደከመው ሰው ነው። ስህተት ካገኛችሁ በቃል ብቻ ተናግራችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ አመልክቱ፣ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። የግብር ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ የደረሳችሁን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉ፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ የተወሰነ ነውና ያለፈበት ሰው እውነት ይዞ ይረታል። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ ጽሑፉ ቶሎ ስለሚደበዝዝ በዚያው ሳምንት ፎቶ ኮፒ አስነሡት። በባንክ የከፈላችሁም የባንኩን ወረቀት ይዛችሁ በማህደራችሁ ላይ መመዝገቡን አረጋግጡ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን እንደሚነግሩን፣ ለምሳሌ በአሜሪካ በብዙ ቦታ የንብረት ግብር መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ሰው የጎረቤቱን ቤት ግምት ከራሱ ጋር አስተያይቶ ይከራከራል። በእኛ ዘንድ ቀርቦ የሚጠይቀው ባለይዞታው ወይም ወኪሉ ነው። እንግዲህ እኛ ራሳችን ካላየነው ማን ያይልናል? አያቶቻችን ቀላድ ሲጣል ሥራቸውን ትተው ገመዱ የት እንደሚያርፍ ቆመው ያዩ ነበር። ዛሬ ገመዱ ወረቀትና ኮምፒዩተር ሆኗል፤ መቆሙ ግን ያው የኛ ፋንታ ነው።

ማኅበራችን በበኩሉ ከላይ የተዘረዘሩትን 7 ነጥቦች የያዘ ቅጽ አዘጋጅቷል። ቅጹ ከዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ካለው ሣጥን ይገኛል፤ ክፍያ የለውም። ኦሮምኛ ማንበብ የሚችሉ የሰፈራችን ወጣቶች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ ቢሮ ተቀምጠው ሰነድ ለማንበብ ተስማምተዋል። በአንድ ዓይነት ስህተት የተያዙ አባላት ከተገኙ አንድ ላይ ሆነን በአንድ ማመልከቻ እንጠይቃለን። አቅመ ደካሞችንና ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችን ወረፋ ይዞ የሚያስገባ ሰው ኮሚቴው ይመድባል። ይህን ማስታወቂያ ያነበበ ለማያነበው ጎረቤቱ ይንገር።

ግብራችንን በወቅቱ እንክፈል! የከፈልንበትን መዝገብ እንወቅ! የተሳሳተውን በጽሑፍ እናሳርም!

የማኅበሩ ጽ/ቤት